የሙሽሮች ፓኬጅ፣ የተሰረዘ ዋጋና የፍሪጁ ጀርባ

ጥያቄ፦ «አዳማ ነው የምኖረው፤ 29 ዓመቴ ነው። ጥር ላይ እንጋባለን። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተናል። ለዕቃ ያዘጋጀነው 160,000 ብር ነው። አንድ ትልቅ መሸጫ ‹የሙሽሮች ፓኬጅ› ብሎ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ ባለ 1.50 አልጋ ከነፍራሹ፣ ባለ ሦስት በር ቁምሳጥን፣ ፍሪጅና 43 ኢንች ቲቪ በአንድ ላይ ከ240,000 ወደ 185,000 ብር አውርዶልናል። ብሩ ካልሞላን 95,000 ከፍለን ቀሪውን ‹ያለ ወለድ› በየወሩ 18,000 ለስድስት ወር ክፈሉ ብለውናል። ያለ ደረሰኝ ከሆነ ደግሞ 170,000 ይሆናል። ጓደኛዬ ያገለገለ የዓረብ አገር ዕቃ ግዛ ይለኛል፤ እጮኛዬ መርካቶ እንሂድ ትላለች። የቱ ያዋጣናል?»

ምላሽ፦ «ከ240,000 ወረደ» የሚለውን መጀመሪያ ከጭንቅላትህ አውጣው። ጥገና ውስጥ ከመግባቴ በፊት እዚሁ አዳማ በአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በሽያጭ ሠራተኛነት ለዓመታት ቆሜያለሁ። ዓርብ ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ባለቤቱ ማርከር ያስይዘንና አዲስ ካርቶን ላይ ትልቅ ቁጥር እንጽፋለን፤ ወዲያው በቀይ እንሰርዘዋለን፤ ከሥሩ ያንኑ የሐሙሱን ዋጋ እናስቀምጣለን። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ይሞላል። በዚያ በተሰረዘው ዋጋ አንድ ዕቃ እንኳ ሲሸጥ አላየሁም። ሁሉም ሱቅ እንዲህ ያደርጋል አልልህም፤ ያንተው ማድረግ አለማድረጉን ግን ከካርዱ ላይ ማወቅ አትችልም።

በዚያ ላይ «የድሮ ዋጋ» የሚባለው ነገር ራሱ ትርጉም ካጣ ቆይቷል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የገባ ዕቃና ከዚያ በኋላ የገባ ዕቃ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ዋጋቸው ሳይገናኝ ቀረ። ስለዚህ የምታወዳድረው ዕቃውን ከራሱ የተሰረዘ ዋጋ ጋር አይደለም፤ ዛሬ ሌላ ሱቅ ካለው ተመሳሳይ ሞዴል ጋር ነው።

የፓኬጁ ብልሃት ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ፍሪጅና ቲቪ የሞዴል ቁጥር አላቸው። ስልክህን አውጥተህ ሦስት ሱቅ ብትደውል በአሥር ደቂቃ ዋጋውን ታውቀዋለህ፤ ሻጩም እንደምታውቀው ስለሚያውቅ ትርፉን ያሳንሳል። ሶፋና ቁምሳጥን ግን ስም የላቸውም። «ይሄው ሶፋ እናንተ ጋ ስንት ነው?» ብለህ የምትደውልበት ቦታ የለም። ነጋዴው የሚያተርፈው እነሱ ላይ ነው። አምስቱ ዕቃ በአንድ ዋጋ ሲታሰር ቲቪው ዓይንህን ይስባል፤ ገንዘቡን የሚበላው ሶፋው ነው። ስለዚህ «የእያንዳንዱን ዋጋ ለብቻ ጻፉልኝ» በል። እምቢ ካሉህ መልሱን አግኝተሃል። ከጻፉልህ ደግሞ የፍሪጁንና የቲቪውን ዋጋ ከውጭ ካገኘኸው ጋር አስተያየው፤ የተረፈው ብር ሁሉ ለእንጨትና ለስፖንጅ የምትከፍለው ነው። ያንን ብር ይዘህ አንድ አናጢ ጋ ብትሄድ ምን እንደሚሠራልህ ከዚህ በታች እነግርሃለሁ።

ርካሽ ዕቃ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ካለውና ምክንያቱ ከታየህ ግዛው። በሩ ላይ የተጫረ ፍሪጅ፣ ሱቅ ውስጥ ለማሳያ ቆሞ የከረመ ቲቪ፣ አዲሱ ሞዴል ስለገባ ያለፈበት፣ ካርቶኑ የተቀደደ፣ እዚሁ አገር ስለተገጣጠመ ቀረጡ የቀለለለት፣ እነዚህ ሁሉ ደህና ምክንያቶች ናቸው። እኔ ቤት ያለው ፍሪጅ ጎኑ የተሰረጎደ ነው፤ የተሰረጎደውን ወደ ግድግዳው አዙሬው ይኸው ስንት ዓመቱ። ሻጩን በቀጥታ «ለምን ቀነሰ?» ብለህ ጠይቀው። «የበዓል ቅናሽ ነው» ካለህ ምክንያት አልነገረህም። ቅናሹ ከላይ ካልታየ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ነው፤ ከስፖንጁ፣ ከጣውላው፣ ከመዳብ ይልቅ አሉሚኒየም ከተጠመጠመው ሞተር ላይ ተቀንሷል።

«ያለ ወለድ» ወደተባልከው እንምጣ። 95,000 ሲደመር ስድስት ጊዜ 18,000፣ ይህ 203,000 ብር ነው። በእጅ በእጅ 185,000 ነበር። ልዩነቱ 18,000 ብር ነው፤ ወለድ የሚለውን ቃል አልተጠቀሙም እንጂ ወለድ ነው። የተበደርከው 90,000 ስለሆነ 20 በመቶ ይመስልሃል። ግን 90,000ውን ስድስቱንም ወር ይዘኸው አትቆይም፤ በየወሩ እየመለስክ ነው። በአማካይ እጅህ ላይ የሚቆየው የእነሱ ገንዘብ 52,500 ብር ገደማ ነው፤ 18,000ውን በዚያ ስታሰላው 34 በመቶ ይወጣል። ያውም በግማሽ ዓመት። ከሠርግ በኋላ ባሉት ወራት በየወሩ 18,000 ብር ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ያገቡ ጓደኞችህን ጠይቃቸው። ይህን ያህል ጊዜ መክፈል የምትችል ከሆነ መሥሪያ ቤትህ ያለው የቁጠባና ብድር ማኅበር ወይም ዕቁብ ይሻልሃል፤ ዕቁብ ላይ ዘግይቶ መድረስ አለ እንጂ ያስገባኸው ብር አይሸራረፍም።

ያለ ደረሰኝ የሚለው ደግሞ ለአንተ ቅናሽ ይመስላል እንጂ ለእሱ የበለጠ ቅናሽ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ 185,000 ውስጥ 24,000 ብር ገደማ ታክስ አለ። ለአንተ 15,000 ቀንሶልህ ወደ 9,000 የሚሆነውን ራሱ ያስቀራል፤ አንተ ደግሞ ዕቃውን ከእሱ ለመግዛትህ ማስረጃ ሳትይዝ ትወጣለህ። ፍሪጁ በሁለተኛው ሳምንት ቢቆም «ከእኛ ነው የገዛኸው?» የሚል ጥያቄ ነው የሚጠብቅህ። ጥገና ቤቴ በር ላይ ቆመው ከሱቁ ጋር በስልክ ሲጨቃጨቁ የማያቸው ደንበኞች አብዛኞቹ ደረሰኝ የላቸውም።

ስለ መብትህ ሁለት ነገር ያዝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ ዕቃ አይተህ፣ አማርጠህ፣ ዋጋ ተከራክረህ ሳትገዛ ብትወጣም ግዛ ብሎ ሊያስገድድህ የሚችል የለም። ይህን የምልህ ብዙ ወጣት «ይህን ያህል ካስለፋሁት በኋላ እንዴት ትቼው እወጣለሁ» በሚል ይሉኝታ ብቻ ሲገዛ ስላየሁ ነው። ሁለተኛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ዓይተህ ልታውቀው የማትችለው የተደበቀ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የሸጠ ሰው ኃላፊነት አለበት። አንተም ዕቃውን ወዲያው የመመርመርና ጉድለቱን ሳትዘገይ የማሳወቅ ግዴታ አለብህ። ደረሰኙ ሥር የሚታተመው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» እያወቀ ጉድለት የደበቀ ሻጭን አያድነውም። የሕጉ ወሰን ግን ይታይህ፤ በሩ ላይ በግልጽ የሚታየውን ጭረት አይተህ ከገዛህ በኋላ በእሱ መከራከር አትችልም፤ ለአንድ ፍራሽ ፍርድ ቤት መመላለስም ከፍራሹ በላይ ያስወጣሃል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከመክፈልህ በፊት ያለው ነው።

ፍሪጁ ላይ ጊዜ ወስደህ ቁም። ከምትገዛቸው ሁሉ ቀንም ሌሊትም የሚሠራው እሱ ብቻ ነው፤ ሲበላሽም እንደ አልጋ በምስማር አይጠገንም። በሩን ከመክፈትህ በፊት ጀርባውን እይ። ከጀርባው ወይም ከውስጥ ጎኑ አንዲት የመረጃ ስቲከር አለች። እዚያ ላይ ቮልቴጁ 220 ወይም ከ220 እስከ 240፣ 50 ኸርዝ መሆኑን አረጋግጥ። ቀጥሎ ሰው ልብ የማይላትን ፊደል ፈልግ፤ የአየር ንብረት ደረጃ ናት። ኤን (N) ብቻ ከተጻፈ ፍሪጁ የተሠራው ሙቀቱ ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ለሚደርስ ክፍል ነው፤ ኤስቲ (ST) እስከ 38፣ ቲ (T) እስከ 43 ይሄዳል። ያንተ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፤ ከላይህ ቆርቆሮ ከሆነ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የአዳማ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ክፍሉ 32ን ማለፉ አይቀርም። ያን ጊዜ ኤን የሆነው ፍሪጅ ሞተሩ ሳያርፍ ሲሠራ ይውላል፤ ወተቱ ይበላሻል፤ አንተ ደግሞ ጋዝ አልቆ ነው ብለህ ትጠራኛለህ። ጋዙ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ቲ ያለበትን ፈልግ፤ ከኤስቲ በታች አትውረድ።

ከዚያ አሰካውና ይሥራ። አንድ ሰዓት ቆይ፤ ሻጩ ቢቸኩል አንተ አትቸኩል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የፍሪዘሩ ግድግዳ በጣትህ ሲነካ መቀዝቀዝ አለበት። የውጪ ጎኖቹ ቢሞቁ አትደንግጥ፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች ሙቀት የሚያስወጣው ቱቦ በጎኖቹ ቆርቆሮ ውስጥ ነው የተዘረጋው። «ፍሪጄ ይጋላል» ብለው ስንቶች አስጭነው አምጥተውልኛል! ቀጥሎ አንድ አሥር ብር ኖት በበሩና በላስቲኩ መሃል አድርገህ ዝጋና ሳበው። እየታገለህ ከወጣ ላስቲኩ ይዟል፤ ሰተት ብሎ ከወጣ ቅዝቃዜው እዚያ ጋ ነው የሚያመልጠው። ከላይ፣ ከታች፣ ከማጠፊያው በኩልም ሞክረው። መብራት ኃይል ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉን በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚቀጥል ማስተካከያ ላይ ነው፤ ላልቶ የሚዘጋ በር ከእንግዲህ በየወሩ የሚከፈልበት ዕዳ ነው።

ግድግዳው ላይ በረዶ የማይጋግረውን፣ ኖ ፍሮስት የሚሉትን፣ ለአንተ አልመክርም። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ማራገቢያ፣ ማሞቂያ፣ ሴንሰርና ቦርድ አለው፤ አንዱ ሲሄድ መለዋወጫው እስኪገኝ ሳምንታት ያልፋሉ። በረዶ የሚሠራው ተራው ፍሪጅ ለማንም ጠጋኝ የታወቀ ነው፤ በወር አንዴ ነቅለህ በረዶውን ማሟሟት ብቻ ነው ሥራህ። በቢላ ግን አትፈልቅቀው! ቱቦው ከተበሳ ፍሪጁ አበቃለት ማለት ነው።

በሩ ላይ የተለጠፈው «የ10 ዓመት ዋስትና» አያታልልህ። አብዛኛውን ጊዜ የኮምፕረሰሩ፣ ማለትም የሞተሩ፣ ብቻ ነው፤ ጋዙን፣ ቴርሞስታቱን (የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያውን)፣ የሠራተኛ ዋጋውንና የጭነቱን አይነካም። ደግሞም ዋስትናው የማን ነው? የሱቁ ነው ወይስ የአስመጪው? የጥገና ማዕከሉ አዳማ ውስጥ ነው ወይስ አዲስ አበባ? የዋስትና ካርዱ ላይ የሞዴልና የሴሪ ቁጥሩ ተጽፎ፣ ቀን ተሞልቶ፣ ማኅተም ካላረፈበት ካርቶን ነው።

ቲቪውን ባጭሩ ልለፈው። 43 ኢንች ማለት ከአንዱ የስክሪን ጥግ እስከ ትይዩው ጥግ 109 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 101 ካገኘህ 40 ኢንች ነው የሸጡልህ። ሜትር ይዘህ ግባ። ካስከፈትከው በኋላ ዩቲዩብን ራስህ ከፍተህ አጫውት፤ «ስማርት» ተብሎ ተሽጦ ሜኑው ላይ ሥዕሉ ብቻ ያለ ገጥሞኛል።

እንጨቱ ጋ ስንደርስ ወሬው ይረዝማል። ያ ባለ ሦስት በር ቁምሳጥን፣ ሳላየው ልንገርህ፣ ቺፑድ ነው፤ በሩ ኤምዲኤፍ፣ ከደቀቀ የእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ፣ ሊሆን ይችላል። ቺፑድ የእንጨት ፍቅፋቂ በኮላ ተጨምቆ የተሠራ ነው። ደረቅ ቦታ ካልተነቃነቀ ዓመታት ይቆያል። ጠላቱ ውሃና መዛወር ነው። እኛ አገር ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ወለል ላይ ውሃ ደፍተን ነው የምንወለውለው። ከታች ያለው ጠርዝ ውሃ ይጠጣል፣ እንደ እርጥብ ዳቦ ያብጣል፣ በሩ መዘጋት ያቆማል። ስለዚህ ቁምሳጥኑ ወለሉን የሚነካ ከሆነ ተወው፤ እግር ሊኖረው ይገባል። የጀርባውን ክዳን በጣትህ ግፋው፤ እንደ ከበሮ ከተረገበገበ ቁምሳጥኑን ቀጥ አድርጎ የያዘው ነገር የለም። መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ሳብና ብሎኑ የገባበትን ቀዳዳ እይ። አንዴ ተፈትቶ የተገጠመ ቺፑድ ብሎን መያዝ ይተዋል፤ አንተ ደግሞ ተከራይ ነህ፣ በሁለት ዓመት አንዴ መዛወርህ አይቀርም።

ሶፋውን ደግሞ አንድ ጫፉን አንሳና ሥሩን እይ። ከሥር ጥቁር ጨርቅ አለ፤ በስቴፕል ነው የተያዘው። ሻጩ ፈቅዶልህ አንዱን ጥግ ብትገልጠው አጥንቱን ታያለህ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ በአፍንጫህ ትለየዋለህ። እርጥብ ባሕር ዛፍ በአዳማ ደረቅ ሙቀት ሲሰነብት ይኮማተራል፣ ይጠማዘዛል፣ ምስማሩ ይላላል፤ በሦስተኛው ወር ስትቀመጥ ይንሿጠጣል። ኤል ሼፑ ራሱስ በደረጃህ ይወጣል? ባለፈው ዓመት እዚሁ ከተማ አንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የደረሰ ሶፋ የደረጃው መታጠፊያ ላይ ተሰንቅሮ ጫኝና አውራጆቹ ወደ ታች መልሰው በገመድ በበረንዳ ሲጎትቱት ቆሜ አይቻለሁ። ዋጋው በእጥፍ ጨመረ፤ አንድ እግሩም ተሰበረ። የደረጃህን ስፋት ሳትለካ ሶፋ አትግዛ። የጫኝና አውራጅ ክፍያንም ከመጫኑ በፊት ጨርስ፤ ዕቃው መንገድ ላይ ከወረደ በኋላ የመደራደር ኃይል የለህም።

ፍራሽ ላይ ትልቁ ስህተት «ጠንካራ ከሆነ ጥሩ ነው» የሚለው ነው። የስፖንጅ ዕድሜ የሚለካው በጥንካሬው ሳይሆን በጥግግቱ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ነው ነገሩ። ይህን በሚዛን ታገኘዋለህ። ባለ 1.50 ፍራሽ 1.90 ርዝመትና 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው መጠኑ 0.57 ሜትር ኩብ ነው። 25 ኪሎ ጥግግት ያለው ስፖንጅ ከሆነ 14 ኪሎ ከምናምን መመዘን አለበት። 9 ኪሎ ከሆነ ጥግግቱ 16 እንኳ አይሞላም፤ ዓመት ሳይሞላው መሃሉ ይጎደጉዳል፤ ሁለታችሁም ወደ መሃል ትንከባለላላችሁ፤ መጀመሪያ ላይ ደስ ቢልም ወገብ አይችለውም። ሚዛኑ የሚሸወድበት መንገድ አለ፤ አንዳንድ ስፖንጅ ክብደት እንዲያነሳ ዱቄት ይጨመርበታል። ጥጉን በእጅህ ስታሸው ዱቄት ከረገፈ ወይም ጨብጠህ ስትለቀው ወደ ቦታው ለመመለስ ካመነታ ተወው።

ጓደኛህ የሚለው የዓረብ አገር ዕቃ ግማሹ እውነት ነው። ቤት የሚለቅ ሰው የሚሸጠው ዕቃ ከአዲስ ርካሽ ዕቃ የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ በተለይ የዋንዛ አልጋና ቡፌ ካገኘህ ዓይንህን አትሽ። «ኦርጂናል የዱባይ ነው» የሚለው ግን ምንም አይነግርህም፤ ዱባይ ዕቃ የሚያልፍባት እንጂ ሁሉም የሚሠራባት አይደለችም። የባሰው ደግሞ ሰዎች ሳዑዲንና ዱባይን አንድ አድርገው ማየታቸው ነው። የኤምሬትስ መብራት እንደኛው 50 ኸርዝ ነው፤ የሳዑዲ 60 ነው። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ የልብስ ማጠቢያ ወይም ፍሪጅ እዚህ ሲሰካ ሞተሩ ከታሰበለት ፍጥነት ስድስተኛውን ያህል ቀንሶ ይዞራል፤ ይሞቃል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ስቲከሩ ላይ 50/60 ከተጻፈ ግዛው፤ 60 ብቻ ከሆነ እህትህም ብትልከው ይቅርብህ። ያገለገለ ፍሪጅ ላይ ኮምፕረሰሩ አጠገብ ያለውን ቀጭን የመዳብ ቱቦ ጫፍ ተመልከት፤ አዲስ ብየዳ ወይም በላዩ የተቀባ ጥቁር ቀለም ካለ ጋዙ ተሞልቷል። መሞላቱ ነውር አይደለም፤ ለምን እንዳለቀ ካልነገሩህ ግን እንደገና ያልቃል። ከግለሰብ ስትገዛ ደግሞ የመታወቂያ ኮፒ ይዘህ፣ ምስክር አቁመህ ውል ጻፍ፤ የተሰረቀ ዕቃ ቤትህ ቢገኝ ተጠያቂው አንተ ነህ።

እጮኛህ መርካቶ ያለችው ለመጋረጃ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለሳህንና ለድስት ከሆነ ትክክል ናት፤ ቀን ወስዳችሁ ሂዱ። ለፍሪጅና ለቁምሳጥን ግን መቶ ኪሎ ሜትር ሄደህ ያተረፍከውን የአይሱዙ ኪራይ፣ የፈጣን መንገዱ ክፍያና ሁለት ቦታ የሚከፈል ጫኝና አውራጅ ይበሉታል። ዕቃው ቢበላሽ ደግሞ መመለሻው ያው መቶ ኪሎ ሜትር ነው።

እንግዲህ ምክሬ፦ ፓኬጁን አትግዛ። በዱቤም፣ ያለ ደረሰኝም፣ በእጅ በእጅም። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በድርሻ ልንገርህ። ከ160,000ው ሲሶውን ለፍሪጅ አድርግ፤ አዲስ፣ ተራውን ዓይነት፣ ደረሰኝና ማኅተም ያለው ዋስትና ይዞ፣ አዳማ ውስጥ ከሚጠገንበት ሱቅ። ሩቡን ለአልጋና ለፍራሽ፤ ከሁለቱ ፍራሹ ላይ አትሰስት። ስድስተኛውን ለቁምሳጥን። አልጋውንና ቁምሳጥኑን በማኅበር ተደራጅተው ሼድ ውስጥ ከሚሠሩት አናጢዎች አንዱን መርጠህ አሠራ። መጀመሪያ የሠራውን ሰው ቤት ሄደህ እይ፤ የጣውላውን ዓይነትና ውፍረት፣ ደረቅ መሆኑን፣ የሚረከብበትን ቀን አጽፍ፤ ቀብድ ከግማሽ በላይ አትስጥ። «ሐሙስ ይደርሳል» ሲልህ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ጠይቀው። አሁኑኑ እዘዝ፤ ጾሙ ተፈትቶ የጥር ሠርግ ሲጀምር ያዘዘ ሁሉ አንድ ቀን ነው ዕቃ የሚፈልገው፤ አናጢውም ዋጋውን ያን ጊዜ ነው የሚሰቅለው።

የቀረህ 40,000 ገደማ ነው። ከዚያ 15,000ውን ለጭነት፣ ለፍሪጁ የኤሌክትሪክ መከላከያና ለማይታሰብ ነገር አስቀምጥ፤ በተቀረው ሶፋውን ትተህ መጅሊስ (ወለል ላይ የሚዘረጋ የስፖንጅ መቀመጫ) አሰፋ፤ ስፖንጁን ራስህ መዝነህ ገዝተህ ለሰፊው ስጠው። በአራተኛ ፎቅ ደረጃም በትከሻ ይወጣል። ቲቪውን አትግዛ። ሚዜዎችህና የሥራ ባልደረቦችህ «ምን እንስጣችሁ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሳታፍር ቲቪ በላቸው። ካልሰጡህም በዕቁብ ይደርሳል።

ፍሪጁን ቆሞ አስጭነው። መንገድ ላይ ካስተኙት የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይገባል፤ ቤት ከገባ በኋላ ሳይሰካ ቆሞ ይደር። ከግድግዳው አንድ ጋት አርቀው፤ ምጣድ በሚሰካበት ማከፋፈያ ላይ አትሰካው፤ በመከላከያው በኩል ብቻ ሰካው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቆ የሚያስነሳውን ዓይነት ግዛ። ካርቶኑንና ነጩን መደገፊያ ቢያንስ ለአንድ ወር በረንዳ ላይ አቆየው፤ ዕቃ ሲመለስ ሱቆች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ካርቶኑስ?» ነው።